የዕረፍት ሰዓት ክሊፕ

— ሄሎ... አቤት... እኔ ነኝ እንጂ ማን ይሆናል። በእኔ ስልክ ሌላ ሰው አንስቶልህ ያውቃል?

— ደህና ነን። ...እማዬም ደህና ናት። ሳሎን ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

— ክሊፑ አላለቀም። ...አላለቀም አልኩህ እኮ ወንድሜ፤ ደግመህ ስለጠየቅከኝ ያልቃል እንዴ?

— ገብቶኛል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ጣቢያው መድረስ አለበት፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሽ ውስጥ ጋዜጠኛ ተሰብስቦ ያየዋል። ማናጀርህ ከትናንት ጀምሮ ሰባት ጊዜ ነግሮኛል። አንተ ደግሞ ስምንተኛ ሁንለት።

— የት ነህ አሁን? ...ፀጉር ቤት? በጠዋቱ? ...ቀለም። ...ጥቁር ቀለም። በርታ። እንግዲያው ተቀምጠሃል ማለት ነው። ...ተቀምጠህ እንድትሰማኝ ፈልጌ ነዋ።

— የሰኞው ቀረጻ የለም።

— የለም ማለት የለም ማለት ነው። ያ ግቢ፣ ያ መዋኛ ገንዳ፣ ያ ነጭ መኪና፣ ስድስቱ ጨፋሪ ልጆች፣ አንተ በዚያ በሚያብለጨልጭ ኮት ከጠዋት እስከ አመሻሽ ሃያ ሦስት ጊዜ የዘፈንከው... አንዱም የለም።

— አልጠፋም። የጠፋ ነገር ይፈለጋል። ይሄ መጀመሪያውኑ አልተቀረጸም።

— ሄሎ? ...ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ...ተረጋጋ። ...ተረጋጋ ብዬሃለሁ፣ ቀለሙ ዓይንህ ውስጥ ይገባል።

— እነግርሃለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ባሌ ጠዋት ካሜራውን ሲሞክር የመቅረጫውን ቁልፍ ነካው። ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። እሱ ግን አልጀመረም ብሎ አመነ። ከዚያ በኋላ «ቅረጽ» ሲባል ተጫነው፤ ካሜራው ቆመ። «ይብቃ» ሲባል ተጫነው፤ ካሜራው ጀመረ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋለ። አንተ ስትዘፍን ካሜራው ያርፋል፣ አንተ ስታርፍ ካሜራው ይሠራል።

— ቀይ ነጥቧን እንዴት አላያትም? ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀይ ነጥቧን የሚያይበት መነጽር የት ነበር ብለህ ጠይቀኝ። ...ኪሱ ውስጥ። ለምን ኪሱ ውስጥ ሆነ? ...አታውቅም? ማናጀርህ ነዋ። «የቀረጻውን ሂደት ፎቶ እናነሳለን፣ ሠራተኛው ሁሉ ጥቁር ለብሶ፣ ወጣት መስሎ ይገኝ፤ የሽማግሌ መነጽር የሚባል እንዳላይ» ብሎ አልነበር ያዘዘው? የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰውዬ እንግዲህ መነጽሩን አውልቆ ወጣት ሆነላችሁ። ፎቶው አምሯል አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

— ሰኞ የሆነውን ዛሬ የምነግርህ፣ ባለ ባርኔጣው ዳይሬክተርህ የካሜራውን ካርዶች በኪሱ ይዞ ሦስት ቀን ሲዞር ከርሞ ዛሬ ጠዋት ስላመጣልኝ ነው። «የሥራዬን ስሜት ልኑረው» አለኝ። ኖረው። ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያይ ኖረው።

— አንተ ሰውዬ፣ ከወለሉ ላይ ተነስ፣ ወገብህን ያምሃል። ...ሄሎ፣ አለሁ። ባሌ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ገመዶቹ መሃል ተቀምጦ ራሱን ይዟል።

— እሱን ከሰደብከው ስልኩን እዘጋዋለሁ። ...እኔ ልሰድበው እችላለሁ፣ ባሌ ነው። አንተ ግን ሰው ሳያውቅህ ካሜራውን ተሸክሞ ከኋላህ የሮጠ ሰው ነው። አፍህን ያዝ።

— ሁለተኛው ካሜራ? ...በሰማይ የምትዞረዋ ድሮን? እሷማ ቀርጻለች። ...ቆይ አትደሰት። የሚታየው ውሃ ነው፣ ዣንጥላ ነው፣ ስድስቱ ልጆች ናቸው፣ ከዚያ ደግሞ የአናትህ መላጣ። ...ከላይ ነዋ የምታነሳው፤ ከላይ ምንህ ሊታይ ኖሯል፣ ጉልበትህ?

— እህ... አሁን «እታለም» መጣች። ሲጨንቅህ ብቻ ነው እታለም የምትለኝ። ደህና ቀን ሲሆን «ኤዲተሯ» ነኝ። ባለፈው ለዚያ ጋዜጠኛ «ኤዲተሯ ጎበዝ ናት» ስትል ሰምቼሃለሁ፤ እህቴ ናት ማለት ምንህን ይነካው ነበር?

— አለኝ። የተቀረጸ ነገር አለኝ እንጂ። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ ዕረፍት አለኝ።

— ዕረፍት ነዋ። «ይብቃ» ከተባለ በኋላ እስከሚቀጥለው «ቅረጽ» ድረስ ያለው። የምታሳምርህ ልጅ ግንባርህን በስፖንጅ ስትደበድበው አለኝ። ዳይሬክተሩ ባርኔጣው ውሃ ውስጥ ሲገባበት አለኝ፤ እሱን ለራሴ አስቀምጬዋለሁ። አንተ የጠበበ ጫማህን አውልቀህ እግርህን እርጥቡ ድንጋይ ላይ ስትዘረጋ አለኝ። ሆድህን ያሰሩበትን መቀነት ፈትተህ «እፎይ» ስትል፣ ድምፁ ሳይቀር አለኝ።

— ይታያል። ሆድህ ይታያል። ሆድ ነው፤ ሰው ሁሉ አለው።

— አልሰርዝም። ...አልሰርዝም አልኩህ። መጀመሪያ ስማኝ፣ ከዚያ ትጮሃለህ።

— ዘፈኑ ስለ ማን ነው? ...አይ፣ እስቲ አንተው ንገረኝ። ...አፍረህ ነው? እሺ እኔ ልበለው። ስለ አባባ ነው። አንተ ከባንድ ልምምድ እስክትመለስ በር ላይ ቆሞ «መብራቱን አታጥፉት፣ የሚመጣ ሰው አለ» ይል ስለነበረው አባታችን ነው። ጥሩ ትዘፍናለህም ብሎህ አያውቅ፣ ተውም ብሎህ አያውቅ። ይቆማል ብቻ። አንተ እሱን ከሞተ ወዲህ ስምንት ዓመት ስታስበው ኖረህ ዘፈን አደረግከው። የመጀመሪያ ቀን ስልክ ላይ ስታሰማኝ እኔ አትክልት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላውን አስቀመጥኩት።

— እና ባለ ባርኔጣው «መብራት» የሚለውን ሰምቶ ምን አመጣ? የጭፈራ ቤት መብራት። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ የሚሽከረከር። በጠራራ ፀሐይ። ማናጀርህ ደግሞ «አባቴ» የሚለውን አውጥቶ «ውዴ» አስባለህ። አባት አይሸጥም፣ ውዴ ይሸጣል ብሎ። አንተም እሺ አልክ። ስቱዲዮ ገብተህ አባባን ውዴ ብለህ ወጣህ።

— የዘመኑ ሰው የሚፈልገው ይሄንን ነው? ...ማን ነገረህ? ...ማናጀርህ። ለማናጀርህስ ማን ነገረው? ከዘመኑ ሰው ጋር መቼ ተገናኝቶ ያውቃል፣ ከመኪናው ሳይወርድ ቢሮው፣ ከቢሮው ሳይወጣ መኪናው ውስጥ የሚኖር ሰውዬ።

— ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ወንድሜ። ሰው የሚልህን አንተ አትሰማም፤ እኔ ግን ዳቦ ስገዛ እሰማዋለሁ። የመጀመሪያ ክሊፕህን ታስታውሰዋለህ? ...ጎማ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ አዎ። ባለ መስመር ሸሚዝህን ለብሰህ። ካሜራውን የምናስቀምጥበት አጥተን የጎማ ክምር ላይ አድርገነው። አንተ ስትዘፍን ከኋላህ አንድ ሰውዬ ጎማ ይነፋል፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጎማው አልሞላለትም። አስወጪው ያለኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም ማስወጣቱን አላውቅበትም ነበር። እና ምን ሆነ? ታክሲ ነጂው፣ ጫማ ሰፊው፣ የሆስፒታሉ ዘበኛ ሁሉ «የኛ ልጅ» አለህ። መንገድ ላይ ሲያገኙህ «ጎማው ሞላ ወይ?» ይሉህ ነበር። ትስቅ ነበር እኮ። ቆመህ ታወራቸው ነበር።

— ከዚያ ማናጀርህ መጣና ኢሜጅ ያስፈልግሃል አለህ። ኢሜጅህ ይገነባል አለህ። ተገነባ። ፎቅ ሆነህ አረፍከው፤ ሰው ግን አልገባበትም።

— ልቁጠርልህ? ሁለተኛው ክሊፕ። ጥቁር መነጽር፣ በበጋ የቆዳ ኮት፣ የሰው መኪና። በሩን መክፈት ስላልተፈቀደልህ ዘፈኑን ሙሉ ተደግፈኸው ቆምክ። ሦስተኛው ላይ ያ ውሻ። ...አዎ፣ ያ ጥጃ የሚያህል ውሻ። አንተ ደግሞ ውሻ ትፈራለህ፤ ሰንሰለቱን በሁለት ጣትህ ይዘህ ከውሻው ስትሸሽ ሁሉም ቦታ ላይ አለ። ውሻው ራሱ ሰልችቶት ያዛጋ ነበር። ስድስት ቦታ ላይ ነው ማዛጋቱን ቆርጬ ያወጣሁልህ።

— ብዙ ሰው አየው? አየው እንጂ። ከሥሩ የጻፉትን አንብበኸዋል? ...አላነበብክም። እኔ አንብቤዋለሁ። «መኪናው የስንት ሞዴል ነው?» «ውሻው ይሸጣል ወይ?» አንድ ሰው ብቻ ነው ስለ አንተ የጻፈው፤ «ዘፋኙ አሞት ነው?» ብሎ። ከዚያ በኋላ ባዘጋጃችሁት ዝግጅት ከሰዎቹ ወንበሮቹ አልበዙም? ...እንዳልመጣሁ አታድርገኝ፣ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነበርኩ። እግሬን ዘርግቼ ነው የተቀመጥኩት፣ ከፊቴ ሰው ስላልነበረ።

— አትክልት የምትሸጥልኝ ሴትዮ፣ ያቺ ወፍራሟ፣ «ወንድምሽ ያንን መነጽር ሲተኛ ያወልቀዋል?» አለችኝ። ...ሳቅ ብላ ነዋ። ከዚያ ሳቋን ተወችና ምን አለችኝ፤ «ድሮ ዘፈኑን ስሰማ አጠገቤ ተቀምጦ የሚያወራኝ ነበር የሚመስለኝ፤ አሁን ግን መንገድ ልቀቂ የሚለኝ ይመስለኛል» አለችኝ። ይቺ ሴትዮ ካሴትህን ከስንት ዓመት በፊት ገዝታ እስከ ዛሬ ያላት ናት።

— አዎ ተሳድቤያለሁ። ...እኔማ ከሁላችሁ እብሳለሁ። ማን ቆረጠው ሁለተኛውን? እኔ። ኮትህ በነፋስ ሲርገበገብ አዘግይቼ ያሳየሁት እኔ። መሃል ላይ እግርህን አደናቅፎህ የሳቅክባትን፣ ከዘፈኑ ሁሉ የምታምረዋን ቦታ አውጥቼ የጣልኳት እኔ። «ኮስታራ ይሁን» ተባልኩ፣ እሺ አልኩ። የጣልኩትን ልመልሰው ብል ዛሬ የለኝም፤ በላዩ ላይ ሌላ ሥራ ጽፌበታለሁ። ስለዚህ ስናገርህ ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም።

— እሱን ልነግርህ ነው። ሰኞ ከሰዓት ጄኔሬተሩ የጠፋበት ትዝ ይልሃል? ...አዎ፣ ማናጀርህ ሌላ ያምጡ ብሎ ለአከራዮቹ ሲደውል ግቢውን ሲዞር የነበረ ጊዜ። ገመድ የሚጠቀልለው ሽማግሌ ኤሌክትሪሻን መጣና «ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ምን እያላችሁ ነው የምትጮሁት፣ ቃሉ አልገባኝም» አለህ። አንተም የመብራት ሳጥን ላይ ቁጭ አልክና «ቃሉ እንኳን እንዲህ ነበር» ብለህ ዘፈንክለት።

— ያለ ሙዚቃ። በጣትህ ሳጥኑን እየመታህ። ጫማ የለህም፣ ኮት የለህም፣ ላብህ የቀቡህን አጥቦት ፊትህ የራስህ ሆኗል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈንከው። «አባቴ» እያልክ።

— ሁሉም። አንዲት ቃል አልጎደለችም። ካሜራው ለሚቀጥለው ቀረጻ እዚያው አንተ ላይ ተስተካክሎ ቆሟል፣ ባሌ ለማጥፋት ብሎ አብርቶት ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። ዕድሜህን ሙሉ አሳምሮ ያነሳህ ካሜራ ሰው ያልነበረበት ካሜራ ነው። — አንተ ወለሉ ላይ ያለኸው ደግሞ አትቀየመኝ፣ እውነቴን ነው።

— ስድስቱ ልጆች ፎጣ ለብሰው መጡና መሬት ላይ ተቀመጡ። «ፈገግ በሉ» እየተባሉ ጉንጫቸው የደረቀ ልጆች። አንዷ፣ ያቺ ረጅሟ፣ ፊቷን በፎጣው ሸፈነች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ማንም አልቅሺ አላላትም፣ ዳይሬክተሩ ባርኔጣውን ሊያሰጣ ሄዷል። ሽማግሌው ገመዱን ግማሽ ጠቅልሎ እጁ ላይ እንደያዘው ቀረ። ስትጨርስ «እንዲህ ካልክማ ገባኝ» ብሎ መጠቅለሉን ቀጠለ።

— ከስቱዲዮው ድምፅ ጋር ላጋጥመው ሞክሬያለሁ። አልገጠመም። እዚያኛው ላይ ትሮጣለህ፣ እዚህኛው ላይ ትናገራለህ። ስለዚህ በራሱ ድምፅ ተውኩት። አራት ደቂቃ ከሃያ ነው። ቆረጥኩ ስልህ እንኳ ምንም አልቆረጥኩም፤ ከመጀመሪያው ሲያስልህ፣ ከመጨረሻው ማናጀርህ «ጄኔሬተሩ መጣ» እያለ ሲሮጥ፣ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው ያወጣሁት።

— ማነው አጠገብህ የሚያወራው? ...ማናጀርህ ነው? ሲሰማ ነበር? ...በድምፅ ማጉያ አድርገኸው ነው እንዴ? ፀጉር ቤቱ ሁሉ ሰማን? ...ይስማ። የውሻውን ነገር ባልናገር ይሻል ነበር እንጂ ሌላውስ ይሰማ።

— ምን አለ? ...አልሰማሁትም፣ አንተ ንገረኝ። ...ሌላ ሰው? ...ጨፋሪ። የሃያ ሁለት ዓመት። ቁመቱ እንዳንተ። ...ኮትህን ይለብሳል፣ መነጽርህን ያደርጋል፣ ከጀርባው ብቻ ይነሳል። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከድሮኗ ጋር ይደባለቃል፣ ልጆቹም ይጨመራሉ። ...ፊቱ ካልታየ ማን ያውቃል ነው የሚለው? እሱስ ልክ ብሏል። ባለፉት ክሊፖችም ፊትህን ያየ የለም።

— አንተስ ምን አልከው? ...አንተን ነው የጠየቅኩት፣ እሱን አይደለም። ...እሺ አልከው።

— አይ፣ አልተናደድኩም። እየገረመኝ ነው። ዘፋኝ ከዘፈኑ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ከገዛ ክሊፑ ሲባረር፣ ሲባረር ደግሞ ራሱ በሩን ሲከፍት ግን አንተን አየሁ። ድምፁ ያንተ፣ ጀርባው የልጁ፣ መኪናው የሰው። ምንህ ነው የሚወጣው? ስምህ ብቻ ከሥሩ ይጻፋል።

— እስቲ አንድ ነገር መልስልኝ። ይሄ ከታየ በኋላ መድረክ የሚወጣው ማነው? ...አንተ። ሰው የሃያ ሁለት ዓመት ጀርባ አይቶ መጥቶ የአርባ ስድስት ዓመት ፊት ሲወጣለት ምን ይላል? ዘፈኑን በጆሮው ይሰማዋል፤ የዘፈነው ምን ዓይነት ሰው ነው የሚለውን ግን ዓይኑ ነው የሚነግረው። ዓይኑ «ይሄ ሰውዬ አያውቅህም» ካለው ጆሮውም ይከተላል። አንተ ደግሞ ድምፅህ የተበላሸ ይመስልሃል። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሐኪም ሐኪም ጉሮሮህን ስታሳይ ኖርክ።

— ምን? ...ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ ማጉያውን አጥፋውና ንገረኝ። ...

— ይስቁብኛል ብለህ ነው የምትፈራው።

— ሊስቁብህ ይችላሉ። አላውቅም፣ ነቢይ አይደለሁም። «ክሊፕ መሥሪያ አጥቶ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ» ሊሉ ይችላሉ። መላጣህንም ሊያወሩት ይችላሉ። አይነኩህም ብዬ አልዋሽህም። ...አዎ፣ የመጨረሻህ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚያዳምጥህ ካልተገኘ ሌላ እንደማትሞክር አውቃለሁ፤ ለዚህ እኮ ነው የምጨቃጨቅህ። የመጨረሻህ ከሆነስ በማን ጀርባ ነው የምትሰናበተን?

— እሺ። ...እሺ በቃ። የዘፈኑ ባለቤት አንተ ነህ፣ እኔ ቆራጭ ነኝ። ልጁን አስቀርጹትና ላኩልኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አደርሰዋለሁ። ያማረ ጀርባ አድርጌ እሠራዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህና ልዝጋ።

— ዛሬ ጠዋት እማዬ ሻይ ይዛልኝ ገባች። እኔ ያንን እያየሁ ነበር፣ ሳጥኑ ላይ የተቀመጥክበትን። ...ቆይ፣ አታቋርጠኝ። እማዬ ክሊፖችህን ሁሉ አይታለች፣ ይሄን ታውቃለህ። ሲጀምር ትቀመጣለች፣ እጇን ታጣምራለች፣ ሲያልቅ «ዘፋኙ ጎበዝ ነው» ትልና ትነሳለች። ዘፋኙ። ከሁለተኛው ክሊፕ ወዲህ አንድ ቀን «ልጄ» ብላ አታውቅም። እንዳይከፋህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ባለፈው ወር መጥተህ፣ መነጽርህን ሳታወልቅ፣ ሾፌሩ ውጭ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሩብ ሰዓት ተቀምጠህ ሄድክ። ከሄድክ በኋላ ጎረቤቷን ምን እንዳለቻት ልንገርህ? «ዘፋኙ መጥቶ ነበር» ነው ያለቻት።

— ዛሬ ግን ሻዩን አስቀመጠችና ቆመች። አልተቀመጠችም። ጠጋ ብላ ስክሪኑን በጣቷ ነካችው፣ እዚህ ጉንጭህ ላይ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «መቼ መጣ?» አለችኝ።

— ሄሎ?

— «መቼ መጣ?» ነው ያለችው። ...አልቀለድኩም። አእምሮዋም ደህና ነው፣ ቪዲዮ መሆኑን ታውቃለች። አውቃ ነው ያለችው። «ከመጣ ምነው አትነግሩኝም» ብላ ተቆጣችኝ።

— ምን ልበላት? አልመጣም ልበላት? ...ሻዬን ጠጣሁ።

— ...ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ...የምን ድምፅ ነው እሱ? ...አንተ፣ እያለቀስክ ነው እንዴ? ...ቀለሙ ነው። እሺ፣ ቀለሙ ይሁን።

— ምን አልከኝ? ...አይሆንም፤ «የፈለግሽውን አድርጊ» አይሠራም። የሰው ፈቃድ እያየሁ ስቆርጥ ነው ሁለት ክሊፕ ያበላሸሁብህ፤ ዛሬ ደግሞ በራሴ ፈቃድ አላበላሽብህም። በአፍህ በለው። የቱ ይሂድ?

— ...ሰማሁህ። ...«አባቴ» የሚለውም እንዳለ? ...መላጣውም። ...እሺ። ...እሺ፣ የእናቴ ልጅ።

— ሄሎ? ...ሄሎ፣ ምን ሆንክ? ምን ወደቀ?

— አሃ፣ ማናጀሩ፣ እርስዎ ነዎት። ደህና አደሩ ጌታው። ስልኩ ምነው እርስዎ እጅ ገባ? ...አይ፣ አልቀለድኩም፣ እየላክሁት ነው። ...በማን ፈቃድ? በባለቤቱ ፈቃድ ነዋ። ራሱን ይጠይቁት፣ አጠገብዎ አይደል?

— ወጣ? ...ወዴት ወጣ? ...ስልኩን ጭንዎ ላይ ጥሎ? ...ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ። ...ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ሽበቱ እንዳለ። ...በመኪና አይደለም? ሾፌርዎ እዚያው ቆሟል። በእግሩ ነዋ።

— ወዴት እንደሄደማ አውቃለሁ። ከእርስዎ ፀጉር ቤት እኔ ቤት በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፣ ገበያውን ካቋረጡ ደግሞ ሃያ። ...በገበያው ካለፈ ሰው ያየዋል ነው የሚሉኝ? ይየዋ። ሲታይ እንዲውል አይደል እንዴ ሲደክሙ የኖሩት?

— አንተ፣ ተነስ አሁን። መነጽርህን አድርግና ፋይሉን ምረጥልኝ፣ ሦስተኛው ነው። ...ሦስተኛው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫነው፣ ሁለት ጊዜ እንዳትነካው።

— ይቅርታ፣ ባሌን ነው ያዘዝኩት። ...ይከሱኛል? ይክሰሱኝ፣ መብትዎ ነው። ለጊዜው ግን ስልኩን ይዝጉልኝ። ኮምፒውተሬ ኢንተርኔት የሚያገኘው በዚሁ በምናወራበት ስልክ ነው፤ እርስዎ ካወሩ ክሊፑ አይሄድም። ...እውነቴን ነው። እስካሁን ቢዘገይ የዘገየው በእርስዎ ነው።

— አቤት እማዬ? ...ሄሎ፣ አንዴ ይጠብቁኝ፣ እናቴ ማን ደወለ እያለችኝ ነው።

— ልጅሽ ነው፣ እማዬ። ...አዎ። ...አሁን፣ እየመጣ ነው። ...ምስሩን ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ።

— ሄሎ? አሁንም አልዘጉትም? እንግዲያው እኔ ልዝጋው።